ዋናው ሥራህስ?

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ አይከፋኝም። የሚከነክነኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ «ምን ትሠራለህ?» እባላለሁ። «ፒያኖ እጫወታለሁ፤ አስተምራለሁም» እላለሁ። የጠያቂው ፊት ይፈካል። «እሰይ! ጥሩ ነገር ነው!» ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳልቀየመው እየተጠነቀቀ፣ «ዋናው ሥራህስ?» ይለኛል።

ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። ሠርግ ላይ ሰምቼዋለሁ። የእድር መዋጮ ልከፍል ስሰለፍ ከፊትም ከኋላም ሰምቼዋለሁ። ጥርሴን ያከመኝ ሐኪምማ አፌን አስከፍቶ፣ መሣሪያውን አስገብቶ ነው የጠየቀኝ። መልስ ባለመስጠቴ ያልተቀየመኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ባንክ ብድር ልጠይቅ ሄጄ ቅጽ ሰጡኝ። ንግድ፣ ግብርና፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ… ሁሉም የየራሱ ሳጥን አለው። ፒያኖ የለም። የምታስተናግደኝ ልጅ ደግ ነበረች፤ ስቸገር አይታ ቅጹን ከእጄ ወሰደችና የመጨረሻው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገችልኝ፤ «ሌላ» ይላል። ብድሩ አልተፈቀደልኝም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ማንነቴን አውቄዋለሁ።

ነገሩ ሥር አለው። እኛ አገር ሙዚቃ ይወደዳል፤ ሙዚቀኛ ግን ለዝምድና አይታሰብም ነበር። አዝማሪው ሠርጉን ሲያደምቅ ያመሻል፤ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ሲነጋ ሽማግሌ ልኮ «ልጃችሁን ለልጄ» ቢል ግን ውሻው ይፈታበታል። ፒያኖ ከመጣ ወዲህ ትንሽ ተሻሽሏል። ፒያኖ ግዙፍ ነው፣ ውድ ነው፣ ፈረንጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለፒያኖን የሚንቅ የለም፤ ይታዘንለታል እንጂ። «አይ፣ ትምህርት ይገባው የነበረ ልጅ ነበር እኮ» ይባላል፤ እየሰማህ።

ሌላም አለ። ፒያኖ እንደምትጫወት የታወቀ ቀን «እስቲ አንድ ነገር ተጫወትልን» ትባላለህ። ጥርስ ሐኪሙን ሠርግ ላይ «እስቲ አንድ ጥርስ ንቀልልን» የሚለው የለም። እኔን ግን ሳሎኑ ጥግ ወዳለው ኪቦርድ ይወስዱኛል። ሁለት ቁልፉ ወልቋል፤ «ልጆቹ ነካክተውት ነው፤ በሌሎቹ ተጫወት» ይሉኛል።

የሚጠየቀውም አንድ ነው፤ «ያቺን… ቲሪሪሪሪ የምትለዋን!» ፉር ኤሊዝ ማለታቸው ነው። ሁሉም ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ድምፆች ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አያውቀውም፣ ማንም አልፈለገውም። ቤትሆቨን ይህችን ዜማ በ1810 ጽፎ ወረቀቷን ዝም ብሎ አስቀመጣት፤ የታተመችው በ1867 ነው፤ እሱ ከሞተ 40 ዓመት ሆኖት። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ መሣሪያውን ከሰጡን አይቀር ዘመኑንም በእነሱ እንቁጠርላቸው።) ዛሬ ታይዋን ውስጥ የቆሻሻ መኪና የሚያሰማው ይህንኑ ዜማ ነው፤ ሰዉ ሲሰማው የቤቱን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። እኔ ስጫወተው ከሳሎኑ ተነስቶ የሚወጣ እንግዳ ሳይ ይህን አስቤ እጽናናለሁ።

ሰው «ፒያኖ ተጫዋች» ሲባል የሚታየው መድረክ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ፒያኖ፣ አበባ፣ ጭብጨባ። መድረኩን እኔም አውቀዋለሁ። ኮንሰርት እንደ ሠርግ ነው፤ ወራት ተለፍቶበት በአንድ ምሽት ያልቃል፤ በማግስቱ የሚቀረው የአዳራሹ ኪራይ ነው።

ጭንቀቱ ደግሞ አለ። ፖርቱጋላዊቷ ማሪያ ዡዋው ፒሬሽ አንድ ጊዜ አምስተርዳም በታወቀው የኮንሰርትኸባው አዳራሽ ፒያኖው ፊት ተቀምጣለች። የኦርኬስትራው መሪ ሪካርዶ ሻይ በትሩን አነሳ፤ ኦርኬስትራው የሞዛርትን ዲ ማይነር ኮንቼርቶ ጀመረ። ፒሬሽ ደነገጠች፤ የተዘጋጀችው ለሌላ የሞዛርት ኮንቼርቶ ነው! መግቢያውን ኦርኬስትራው ብቻውን ሲጫወት የነበራት ጥቂት ደቂቃ ነበር። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከሻይ ጋር ተነጋገረች፤ እሱም እጁ ሳያርፍ አይዞሽ አላት። ከዚያ ያላሰበችውን ኮንቼርቶ ከትዝታዋ መዝዛ እስከ መጨረሻው ተጫወተችው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው በቃል መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንዲገባቸው ነበር። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «እንግዲያው እኛም የሌላ ሳምንት የቤት ሥራ ይዘን ብንመጣ ችግር የለውም ማለት ነው» አለኝ።

መድረኩን የጠሉትም ብዙ ናቸው። ካናዳዊው ግሌን ጉልድ በ1964 ገና በ31 ዓመቱ ሕዝብ ፊት መጫወት በቃኝ ብሎ ቅጂ ክፍል ገባና በዚያው ቀረ። አባቱ እግሩን አሳጥረው የሰጡትን ወንበር በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞር ነበር፤ መቀመጫው ተበልቶ አልቆ እንኳ አልተለየውም። ሴቶች ጓንቱን የሚሻሙበት ፍራንዝ ሊስትም በ1847፣ በ35 ዓመቱ፣ በኮንሰርት ገንዘብ ማግኘቱን ተወው። በኋላ ቫይማር ተቀምጦ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር፤ ያውም በነፃ። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር የተማሪዎቼ ወላጆች ዘለው ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

የእኔ ሰው ግን ሾፓን ነው። ፒያኖ ሲነሳ ስሙ የማይቀረው ሾፓን በመጨረሻዎቹ 18 የሕይወቱ ዓመታት ሕዝብ ፊት የተጫወተው 30 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ፓሪስ ላይ በምን ይኖር ነበር? ድርሰቱን ይሸጣል፤ የቀረውን በማስተማር። ተማሪዋን ትልቁ ፒያኖ ላይ ያስቀምጣታል፤ እሱ አጠገቧ ካለችው ትንሽ ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፤ ስትሳሳት ያሳያታል፤ ስትደጋግመው ይበሳጫል። ሾፓንን ለቅሶ ቤት ብናገኘው ኖሮ «ዋናው ሥራህስ?» የሚለው ሰው አይጠፋም ነበር።

ዋጋውም የታወቀ ነበር፤ ለአንድ ትምህርት 20 ፍራንክ፤ ተማሪዋ ቤት ከተሄደ 30። የፓሪስ የቀን ሠራተኛ ቀናት ለፍቶ የሚያገኘው ነው። ታዲያ ይህን ገንዘብ በእጁ አይቀበልም። ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዋ ከእሳት ምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሱ በዚያ ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ይህን ሳነብ ሰውዬው ጎንደሬ ይሁን ሸዌ እንጂ ፖላንዳዊ መሆኑን ተጠራጠርኩ። እንዲህ ያለ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኛ ጋ መደርደሪያው ይለያያል። አንዷ እናት በፖስታ አሽጋ ለልጇ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ቦርሳው ውስጥ ይረሳዋል፤ በወሩ መጨረሻ ከደረቀ ዳቦ ጋር ይገኛል። ሌላዋ «ኖት ደብተሩ ውስጥ አድርጌልሃለሁ» ትላለች፤ ኖት ደብተሩ ደግሞ የዚያን ቀን ቤት ተረስቷል። አሁን ቴሌብር መጣና ተገላገልን ስል ሌላ ጣጣ አመጣ። እናትየው ስልኳን ነካ ነካ ታደርግና እዚያው ፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። «ቲቸር፣ ገባ?» አልገባም። «አሁንስ?» ኔትወርክ የለም። «አሁንስ ገባ?» እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ።

ተማሪ በዕድሜ ይለያያል ይባላል፤ እኔ ያየሁት በሰበብ ሲለያይ ነው።

ትንንሾቹ የሚመጡት በእናት ውሳኔ ነው። «ሒሳቡ እንዲሻሻልልኝ ነው» ትለኛለች። ልጁ የሒሳብ አስጠኚ አለው፣ የእንግሊዝኛ አለው፣ ቅዳሜ ቴኳንዶ አለው፤ የሌለው የመተኛ ጊዜ ነው። እግሩ መሬት አይደርስም፤ ከሥሩ ሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት አድርጌለት ይቀመጣል። «ተለማመድክ?» «መብራት ጠፍቶ ነበር ቲቸር።» ኪቦርድ ላለው ልጅ ይህ አጥጋቢ ነው። ይህን የሚለኝ ልጅ ግን ቤቱ ያለው እውነተኛ ፒያኖ ነው፤ ሶኬት የሚባል ነገር አያውቅም። «በሻማ አትለማመድም?» ስለው ዐይኑን አፍጥጦ፣ «እሳት አትንኩ ተብለናል» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ልጅ ሲለማመድ ማየት ግን ሥራዬን ያስወድደኛል። ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት»። ቀላሉ ቦታ ላይ ቁጥሩ ይሮጣል። አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች ሥር ማሳለፍ ያለበት ቦታ ሲደርስ «ሦ… ሦስ…» እያለ ይጎትታል፤ ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ይወጣል፤ ጣቱ ቦታውን እስኪያገኝ «አራት» አትመጣም። በየሰዓቱ የሚከራይ ሰው ጊዜ እንዲህ ሲቆም ማየት አይከፋውም።

ተስፋ ሲቆርጡ የማይቀር ታሪክ አለኝ፤ የቅዱስ ያሬድን። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲኮበልል ዛፍ ሥር አረፈ፤ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲጥር፣ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ተጸጽቶ ተመለሰና የዜማ አባት ሆነ። ይህን የማይነግር የሙዚቃ አስተማሪ እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ለዚያው ልጅ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ «ትሉ ግን ዛፉን የሚወጣው ምግብ ፍለጋ ነው አይደል ቲቸር?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኔ ምሳ በልቻለሁ።»

እውነተኛ ፒያኖ ካልኩ አይቀር፣ እሱን ቤት ማስገባት ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ቆሞ የሚቀመጠው ዓይነት፣ ሰው ቁም ሳጥን መስሎት የሚያልፈው፣ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንድ ሐኪም ተማሪዬ ገዝቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊያስወጣ ጫኝና አውራጅ ጠራ። አለቃቸው ዙሪያውን ዞሮ አየና፣ «ሳጥን ነው ብለህ እኮ ነው የተነጋገርነው» አለ። ዋጋ ተጨመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ውስጡ የተወጠረው ከ200 በላይ ሽቦ በአንድ ጊዜ አጓራ። ስድስቱም አስቀምጠውት ወደ ኋላ አሉ። «ምንድነው ውስጡ ያለው?» አለ አለቃው። ለክብደቱ አንድ ዋጋ፣ ለጩኸቱ ሌላ ዋጋ ተከፍሎ ወጣ።

ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳንቴል ይለብሳል። ላዩ የሠርግ ፎቶ፣ የላስቲክ አበባ፣ የምረቃ ፎቶ ይደረደርበታል። ትምህርታችን የሚጀመረው ዕቃ በማንሳት ነው። አንድ ቀን ሰነፍንና እንዳለ ተቀመጥን፤ በግራ በኩል ያለውን ወፍራሙን ሲ በነካን ቁጥር የሐኪሙ አማት ፎቶ በፍሬሙ ውስጥ ይንዘረዘራል። «ሙዚቃ አይወዱም ነበር» አለኝ ሐኪሙ፣ እንደ ማስረጃ። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ይደርቃል፤ ቅኝቱ በዓመት ሁለቴ ይሸሻል። ቃኚ ፈልጎ ማግኘት የቧንቧ ሠራተኛ ከመጠበቅ ይብሳል። በዚህ መሐል ብል የመዶሻዎቹን ሱፍ ይበላል።

አሥራዎቹ ውስጥ ያሉት የሚመጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ስልክ ይዘው። ስልኩ ላይ ባለቀለም መስመሮች ከላይ እየዘነቡ ቁልፎቹ ላይ ያርፋሉ፤ ኖት ማንበብ ለምኔ ይላሉ። «ይህን እስከ ሐሙስ ልቻለው።» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ እተርታለሁ፤ ማን ሰምቶ! አንዱ ጎረምሳ አንድ የፍቅር ዘፈን ብቻ አስተምረኝ ብሎ መጣ፤ ለአንዲት ልጅ ልደት ነው። አስተማርኩት፤ ጠፋ። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ዘፈን፣ ሌላ ልደት፣ ሌላ ልጅ። ልቡ እንዲህ እንደተሰበረ ከቆየ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሩ ተጫዋች ይወጣዋል።

ትልልቆቹ ሲመሽ ነው የሚመጡት፤ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ያቆማሉ። ለልጆቻቸው አልነገሩም። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ይገባቸዋል፤ እጃቸው ግን አልሰማም ይላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አርባ ሰው የሚያዝ ሰው አራተኛ ጣቱን ማዘዝ ያቅተዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ቀለበት የሚጠልቅበት ጣት ከጎረቤቶቹ ጋር ጅማት ይጋራል፣ ብቻውን ቀና ማለት አይሆንለትም። «ለምን እምቢ አለኝ?» ይለኛል እየተቆጣ። ጣቱን ደብዳቤ ሊጽፍበት የቀረው ይመስላል።

እንዲህ ለሚቸኩሉ የሮበርት ሹማንን ነገር አነሳለሁ። በወጣትነቱ ታላቅ ፒያኖ ተጫዋች ልሁን ብሎ ሲታገል ቀኝ እጁን ጎዳና ሕልሙ ቀረ። መድረኩን የያዘችው በኋላ ያገባት ክላራ ናት። ክላራ በዘጠኝ ዓመቷ ላይፕሲግ ላይ ሕዝብ ፊት ተጫውታለች፤ ስምንት ልጅ ወልዳለች፤ ባሏ ታሞ ሲሞት ቤተሰቡን ያቆመችው በኮንሰርት ጉዞና በማስተማር ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ እስከ ሰባዎቹ ዕድሜዋ ድረስ አስተምራለች። ስምንት ልጅ ላላት ሴት «ዋናው ሥራሽስ?» የሚላት ቢመጣ ምን እንደምትመልስለት መገመት ይቻላል።

ከሁሉም የምወዳቸው ጡረተኞቹን ነው። ካረጁ አይበጁ የሚለውን የተረተው ሰው ጡረተኛ አስተምሮ አያውቅም። አንዲት ሴትዮ አሉኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ። ገና ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጣታቸው ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ጀርባቸው ቀጥ አለ። ፍጥነታቸው ያስደነግጣል። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፤ የኖታው መስመር በወረቀቱ ጠርዝ ሲያልቅ ግራ እጃቸው ሳያስቡት ከፒያኖው ይነሳና አየር ላይ ያለ እጀታ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ የጽሕፈት መኪናውን ሰረገላ መመለሳቸው ነው። «ውይ! ይቅርታ ልጄ» ይላሉ። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ እንደገና።

የመጀመሪያው ቀን ላይ «እትዬ፣ ነጩን ይተዉት፤ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ይንኩ» አልኳቸው። አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ያለ ማንም አስታራቂ ትዝታን ይሰጣሉ፤ ከትክክለኛው ከተነሱ ቅኝቱ እዚያው ተሠርቶ ተቀምጧል። ሁለት ሦስቴ ነካኩና እጃቸውን አነሱ። «ይህ እኮ የኛ ነው!» አሉኝ፤ ፒያኖው ተሰርቆ የመጣ ይመስል። ይህን ብልሃት ከራሴ አላመጣሁትም። ሾፓንም ጀማሪ ተማሪን ከነጩ አያስጀምርም ነበር፤ ረጃጅሞቹን ሦስት ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ አሳርፎ፣ አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት ነጩ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ እጅ እንዲያ ሲሆን በተፈጥሮው ያርፋል ብሎ። ሁሉም ሰው ቀላል የሚለው ያ ሁሉ ነጭ የሆነው ስኬል ለእሱ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። እትዬ ግራ እጃቸው ገና ነው፤ ግን ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ልጆቹ ጣት አላቸው፣ ፍላጎት የላቸውም፤ አዛውንቱ ፍላጎት አላቸው፣ ጣት የላቸውም። የእኔ ደመወዝ የሚወጣው ከመሐሉ ነው።

«መቼም አሁን ጀምሬ የትም አልደርስ» ይሉኛል አንዳንዴ። ግርማ ይፍራሸዋን እጠራላቸዋለሁ። ክራር ይዞ ያደገው ግርማ ፒያኖ የነካው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ በፒያኖ ዓለም ይህ ሽምግልና ነው። ሶፊያ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ ያሬድ ትምህርት ቤት ዓመታት አስተማረ፤ አምባሰልንም ሾፓንንም በአንድ መድረክ የሚያስማማ ሰው ሆነ። «እሱ እንኳ 16 ነበር፤ እኔ 71 ነኝ» ይላሉ እትዬ። እንግዲያው ሚዬቺስዋቭ ሆርሾፍስኪን እጨምራለሁ። በ1892 ተወልዶ፣ በ99 ዓመቱ ፊላዴልፊያ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሰጠ፤ የመጨረሻውን ተማሪ ያስተማረው ከመሞቱ አንድ ሳምንት በፊት ነው፤ 101ኛ ልደቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ያገባውም በ89 ዓመቱ ነው ስላቸው ፒያኖውን ረስተው ስለ ሙሽሪት ይጠይቁኛል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ግን እኔ ሳልሆን እትዬ ናቸው የሚያነሱልኝ። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላ ካይሮ ሙዚቃ ተማሩ፤ ለንደን ሄዶ የመማር ዕድላቸው ሳይሳካ ሲቀር የኮንሰርቱን መንገድ ትተው ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኮሱ። ዓመታት ባዶ እግራቸውን ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገንዘቡ ለችግረኛ ነው። በ1984 ኢየሩሳሌም ገቡ፤ በገዳሙ ትንሽ ክፍላቸው ከፒያኖአቸው ጋር ኖረው በ2023፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ። መድረክ ላይ ዕድሜዋን የፈጀች ስንት ተጫዋች ሳታሰማው የቀረችውን ዓለም እሳቸው ከገዳም ሆነው አሰሙት። ከፒያኖ ተጫዋቾች ሁሉ ለዚያ ለሁለተኛው ጥያቄ የማያወላውል መልስ የነበራቸውም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዋናው ሥራቸው ምንኩስና ነበር።

እኔ አልመነኮስኩም፤ ስለዚህ ሌላ መልስ መፈለግ ነበረብኝ። አሁን አሁን «ዋናው ሥራህስ?» ሲሉኝ «መጠበቅ» እላለሁ። «ጥበቃ ነህ እንዴ? የት ድርጅት?» ይሉኛል፤ ያ ቢያንስ ሳጥን አለው። እውነቴን ነው ግን። «አራት» እስክትመጣ እጠብቃለሁ። አራተኛው ጣት እስኪነሳ እጠብቃለሁ። የትም የሌለው ሰረገላ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ቴሌብሩ እስኪገባ እጠብቃለሁ። ሾፓን በመስኮት ምን ይመለከት እንደነበር ማንም የጻፈ የለም፤ ከእኔ የተለየ ነገር ያይ ነበር ብዬ አላምንም።

መርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ አባት ልጁን እኔ ጋ ያስተምራል። ትምህርቱን ከጥግ ተቀምጦ ይከታተላል፤ ዐይኑ ሚዛን ላይ እንዳለ ነጋዴ ነው። አንድ ወር እንዳለፈ ወደ ጎን ጠራኝ።

«ቲቸር፣ ልጄ እስካሁን የምትጫወተው በቀኝ እጇ ብቻ ነው አይደል?»

«አዎ፤ ግራው ቀስ ብሎ ይጨመራል።»

«ታዲያ ለምንድነው ሙሉ የምከፍለው?»

ሾፓንም ሊስትም ለዚህ ያዘጋጁኝ ነገር የለም። ተከራከርን፤ ሻይ አዘዘ፤ ግራዋ እስክትጀምር ሩብ ሊቀነስለት ተስማማን። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግራዋ ብዙ ሳይቆይ ጀመረች፤ ዛሬ በሁለቱም እጇ ከዳር እስከ ዳር ትጫወታለች። ባለፈው «እንግዲህ ሒሳቡን እናስተካክል» አልኩት። «ቆይ ልስማ» አለኝ። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ቀኟ ጥሩ ነው» አለ። «ግራዋ ግን ትቸኩላለች።»

የሚያበግነው ልክ መሆኑ ነው።